የባሕሩ ድንጋይ ልጣጭ

ጡረታ ወጥቼ ንፋስ መውጫ ከገባሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን አዲስ አበባ ምን ስሠራ እንደ ኖርሁ። እኔም ሳላፍር «ድንጋይ ሳሳሳ» እላለሁ። ጎረቤቴ አያ ጌጡ ይህን በሰማ ቀን ከእርሻ ውሎ በሬዎቹን እየነዳ ይመለስ ነበር። ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቆመ።

«ድንጋይማ እዚህም ሞልቶልህ ነበር። ምን አዲስ አበባ ድረስ አንከራተተህ?»

«የዚህኛው ወፍራም ነው» አልሁት።

«አንተ ያሳሳኸውስ ምን ይሆናል?»

«ይነበባል።»

«ዳዊት አደረግኸው በለኛ» ብሎ በሬዎቹን ነዳ።

መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ መልስ ስላልነበረኝ ተቀምጬ ጻፍሁት። አንባቢ ሆይ፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። ፊደል የቆጠርሁት ከዚሁ ከጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር አጠገብ ከአንድ የኔታ ዘንድ ሲሆን ዳዊት ሳልጨርስ ነው ያቋረጥሁት። እንግሊዝኛን የተማርሁት ከዕቃ ሳጥኖች ላይ ነው። ይህም ሆኖ ዶክተሮች ስሱን ድንጋይ በእጄ እስካቀብላቸው ድረስ ከበር ቆመው ጠብቀውኛል። በዚህ ሙያ ከእኔ የሚስተካከል ሰው አላጋጠመኝም። አለሁ የሚል ካለ ይምጣና እንፎካከር፤ ቤቴን ንፋስ መውጫ ውስጥ ማንኛውም ባጃጅ ያውቀዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ድንጋይ ከፀጉር ቀጥኖ መስታወት ላይ ሲለጠፍ ብርሃን ያሳልፋል። ያን ጊዜ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባና በውስጡ የተሰደሩት ማዕድናት በየቀለማቸው ይታያሉ። ድንጋዩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደ በረደና ከምን ዓይነት ቅልጥ አለት እንደ ተወለደ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመዶሻ ነው። ጎልማሳ ሳለሁ ለመንገድ ሥራ ጠጠር ከሚወጣበት የድንጋይ ካባ በቀን ሠራተኛነት ድንጋይ እፈልጥ ነበር። አንድ ቀን መነጽር ያደረጉ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ ሰው ትንሽ መዶሻ ይዘው መጡና የተፈለጠውን ክምር እያገላበጡ ማየት ጀመሩ። ሌሎቹ ሠራተኞች ዝም ብለው ሲያዩዋቸው እኔ ጠጋ አልሁ።

«የትኛውን ነው የሚፈልጉት ጌታዬ? የሚጮኸውን ነው ወይስ ዝም የሚለውን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ድንጋይ ይጮኻል?»

አንዱን በመዶሻ ነካሁት፤ እንደ ደወል ጮኸ። ሌላውን ነካሁት፤ እንደ ዱባ ድብ አለ። «ይኼኛው ውስጡ በስብሷል፣ ያኛው ጤነኛ ነው» አልኋቸው። ሁለቱንም ሰብረው አዩ። ያልሁት ሆነ።

«ማን አስተማረህ?»

«መዶሻው።»

ጋሽ ዘለቀን ያወቅኋቸው በዚህ ነው። የሥነ ምድር ሊቅ ናቸው፤ የተወለዱት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ ነው። በማግሥቱ መሣሪያቸውን እንድሸከም ቀጠሩኝ። በሳምንቱ መሸከሙን ትቼ መምረጥ ጀመርሁ። በዓመቱ አዲስ አበባ ወስደው ድንጋይ ከሚዘጋጅበት ክፍል አስገቡኝ። ወረቀቱ ላይ «የጉልበት ሠራተኛ» ይል ነበር፤ ደመወዙም እንደ ስሙ ነበር። ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ከመሄዳችን በፊት ግን ስማዳ ወረድን። ቆላው አፋፍ ላይ ቆመው ገደሉን በጣታቸው ያሳዩኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ገደሉ እንደ ደረጃ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሯል፤ በመካከሉ ቀይ አፈር ቀጭን መስመር ሆኖ ያልፋል።

«እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነው። ፈሰሰ፣ በረደ፣ ላዩ አፈር ሆነ፤ ደግሞ ሌላ ፈሰሰበት። ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም የቆሙት በዚህ ላይ ነው። ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።»

«ይህ ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከጥልቅ። ከምድር ቅርፊት ሥር ማንትል የሚባል ትኩስ አለት አለ። አንዳንድ ቦታ ከዚያም ከሥሩ ይበልጥ የጋለ ዓምድ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀልጥና እንዲህ ይደፋል። ከዚያ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተከፈቱ። ስንጥቁ ከባሕሩ ሥር ዛሬም እየሰፋ ነው። በሰፋ ቁጥር ከሥር ቅልጥ አለት ይወጣና አዲስ ወለል ይሆናል። የውቅያኖስ ወለል በሙሉ የተሠራው እንዲህ ካሉ ስንጥቆች ነው፤ ግራና ቀኙ ከፍ ብሎ ተረተር ይሠራል።»

«ዓምዱስ? ጠፋ?»

«የለም። አሁን አፋር ሥር ነው።»

«ታዲያ እንዲህ ያለ ምድጃ ጎረቤቱ እያለ የባሕሩ ስንጥቅ ዝም ብሎ ያልፈዋል?»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ። «ዕድሜዬን የምጨርሰው በዚች ጥያቄ ነው» አሉ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሳቸው በስንት ዓመት ትምህርት የደረሱበትን ጥያቄ እኔ በአንድ ቀን ቁልቁለት ደረስሁበት።

ነገሩን ኋላ ለአያ ጌጡ በመስኖ ነው ያስረዳሁት፤ ለእናንተም እንደዚያው ይሁን። ስንጥቁ ቦይ ነው። በገዛ ራሱ ከሥሩ የምታንጠባጥብለት ጥቂት ውኃ አለች፤ በእሷ ብቻ ሲኖር የሚሠራው የባሕር ወለል ስስ ነው፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ትልቅ ምንጭ፣ ማለትም ትኩሱ ዓምድ፣ ከቦዩ አጠገብ ሲፈልቅ ግን ቦዩ ይሞላል። ቅልጥ አለቱ ይበዛል፣ ወለሉ ይወፍራል፣ ተረተሩ ከፍ ይላል። አይስላንድ የምትባለው ደሴት ከባሕር በላይ ብቅ ያለችው በዚህ ነው። ምንጩ ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ ቦዩን ተከትሎ ይፈስሳል። የምንጩ ውኃ ጣዕሙ የተለየ ስለ ሆነ ቦዩን እየተከተልህ ብትቀምስ የት ድረስ እንደ ደረሰ ታውቃለህ። የሚቀመሰው ድንጋዩ ነው፤ ጣዕም የምለውም በውስጡ ያለውን የንጥረ ነገር ቅይጥ ነው፣ በመሣሪያ ይለካል።

የጋሽ ዘለቀ ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ነበር። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሥር ቦዩ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አንድ ቦታ ተቆርጦ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ትልም ሲታረስ በሬ ተንሸራቶ መስመሩን እንደሚያስተው ማለት ነው። የአፋሩ ምንጭ ያችን መቆረጫ ይሻገራል ወይስ እዚያ ይቆማል?

«ይቆማል። መቆረጫው ግድብ ነው» ይሉ ነበር።

«ውኃ እኮ በግድብ ሥር ይሰርጋል ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ መስኖ አላጠጡም እንዴ?»

«ጋይንቶች ምላሳችሁ ከእጃችሁ ባይቀድም እንዴት ጥሩ ሰዎች ነበራችሁ።»

«እስቴዎች ደግሞ ሁለቱም አብሮ ዘግይቶ ነው የሚደርስላችሁ።»

«ድንጋይ አምጣና ሙግት ግጠመኝ» ብለው ይዘጉታል። ሁልጊዜ የሚዘጉት በዚህ ነበር።

አሁን ስለ እጄ ልንገራችሁ። ድንጋዩ መጀመሪያ በአልማዝ መጋዝ የክብሪት ቀፎ በሚያህል ይቆረጣል። አንዱ ገጽ በመፍጫ ዱቄትና በውኃ ወፍራም መስታወት ላይ ይታሻል፤ ዱቄቱ ከሻካራ ወደ ልም ይቀየራል። ገጹ ሲለሰልስ በማጣበቂያ ከመስታወት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። እዚህ ላይ አንዲት አረፋ ከገባች ሥራው ሞተ። ከዚያ ትርፉ ይቆረጥና የቀረው ይፈጫል። እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። ሙያው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሰሌዳውን በሦስት ጣት ይዘህ በእጅህ ታሻለህ፤ አሁንም አሁንም እያነሣህ ማይክሮስኮፕ ሥር ታያለህ። ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ቢጫ ከሆነ ገና ወፍራም ነው። ወደ ነጭ ከሄደ ቀርበሃል። ግራጫ ሲሆን ታቆማለህ። አንድ ትንፋሽ ካለፍህ ድንጋዩ ከመስታወቱ ላይ እንደ ጤዛ ይጠፋል። እኔ ማይክሮስኮፕ ሳላይ በጣቴ ስሜት ብቻ ግራጫው ላይ አቆም ነበር። አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር «ይህ ሰው ይገምታል» ብለው አሥር ሰሌዳ በተከታታይ አሠርተው ለኩኝ። አሥሩንም ለክተው ሲያበቁ ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ አለቃ በሳምንት ስንት እንደምሠራ በሰንጠረዥ እንድሞላ አዘዘኝ። ሞላሁለት፤ ሰንጠረዡ ያለው ቦታ አልበቃኝም።

ጋሽ ዘለቀ ግን ከቁጥር ጋር ነገር አልነበራቸውም። የእሳቸው ልማድ ሌላ ነው። አንድ ድንጋይ ነክተው ወደ ሌላ ሲያልፉ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ክረምት ይሁን በጋ፣ ውኃ ይኑር አይኑር። ስሙን ሁለት ጊዜ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱ ከረጢቱ ላይ። እስክሪብቶ አይነኩም፤ ውኃ ያስለቅቀዋል። ያላወቁትን ነገር ማስታወሻቸው ላይ «አላውቅም» ብለው ይጽፉና ከሥሩ ያሰምሩበታል። አንድ ቀን ያን ደብተር ሳገላብጥ «አላውቅም» ከሌላው ቃል ሁሉ በዝቶ አገኘሁት። ሰው ይህን ያህል አለማወቁን ጽፎ እንዴት ዶክተር ይባላል ብዬ ገረመኝ።

ለእኔ የሰጡኝ ትእዛዝ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነበር፤ ልጣጩን ጥዬ ልቡን መስጠት። የጉና ድንጋይ፣ የስማዳ ድንጋይ፣ ላዩ በዝናብና በፀሐይ በስብሶ ቡናማ ይሆናል። ያ የበሰበሰው ከተቀላቀለ የድንጋዩ ጣዕም ይበላሻል። ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። የገብስ አገር ልጅ ነኝ። ገብስ ካልተፈተገ አይበላም፤ በሙቀጫ ወቅጠህ ገለባውን አራግፈህ ፍሬውን ታስቀራለህ። ድንጋይንም እንደ ገብስ ፈተግሁት። በዓመታት ውስጥ አንድም ቀን «ልጣጭ ቀርቶብሃል» ተብዬ አላውቅም።

ያጠፋኝም ይኸው ሆነ።

አንድ የምርምር መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ተረተሩን እየተከተለ ከባሕሩ ወለል ድንጋይ አወጣ። የሚያወጡት በረጅም የሽቦ ገመድ በሚጎተት የብረት ከረጢት ነው፤ ባገኘው ሲሞላ ወደ ላይ ይስቡታል። ድርሻችን በሳጥን ተልኮ መጣ። ከመቆረጫው ማዶ፣ ጋሽ ዘለቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁለት ከኖሩት ቦታ፣ የወጣው ስድስት ድንጋይ ብቻ ነበር።

እሳቸው በዚያ ሰሞን ለስብሰባ ውጭ አገር ነበሩ። በወረቀት የተዉልኝ ትእዛዝ አጭር ነው፤ ጨዉ እንዲለቅ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፌ እንዳደርቃቸውና እስኪመለሱ እንዳቆያቸው። ዘፈዘፍሁ፤ አደረቅሁ። ከዚያ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥሁና አየኋቸው። ላያቸው አስቀያሚ ነበር። ጥቁር ጥላሸት፣ ከሥሩ እንደ ዝገት ቢጫና ብርቱካናማ የሆነ ብስባሽ፣ ከዚያም ሥር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሽፋን። ሲመለሱ ሁሉም ተፈትጎ፣ ልቡ ብቻ ተደርድሮ ቢያገኙት ደስታቸው ታየኝ። መፍጫውን ጎማ አስነሣሁና ከነዚያ ከስድስቱ ጀመርሁ፤ አብልጠው የሚወዱት እነሱን ነው ብዬ። እስከ እኩለ ቀን ስድስቱም እንደ እንቁላል ጠሩ።

ሰብለ የምትባል ተማሪያቸው ከሰዓት ገባች። ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች፤ ለትምህርቷ የምትሠራውም በእነዚሁ ድንጋዮች ላይ ነበር። ጠረጴዛውን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሽ መርሻ፣ መስታወቱስ?»

«የምን መስታወት?»

«ጥቁሩ የሚያብረቀርቀው። የት አደረጉት?»

«ልጣጩን? አራገፍሁታ።»

ተቀመጠችና ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የባሕር ቅልጥ አለት ከስንጥቁ ሲወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ያገኘዋል። ላዩ በቅጽበት በርዶ መስታወት ይሆናል፤ ማዕድን ለመሥራት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ቅልጥ አለቱ ከጥልቅ ይዞት የመጣው ጣዕም ሳይለወጥ የሚቀመጠው በዚያ ስስ ልጣጭ ውስጥ ነው። ልቡ ዘግይቶ ስለሚበርድ ማዕድናቱ ይለያዩበታል፤ ለሌላ ነገር ቢጠቅምም የሚፈልጉትን ጥያቄ በደንብ አይመልስም። የብሱ ላይ ልጣጩ ብስባሽ ነው፤ ባሕር ሥር ግን ከብስባሹ ቀጥሎ ያለው ልጣጭ ፍሬው ነው። እኔ ፍሬውን አራግፌ ገለባውን ደርድሬላቸዋለሁ።

ጋሽ ዘለቀ እስኪመለሱ አምስት ቀን ነበረኝ። ከመፍጫው ሥር ያለውን የዝቃጭ በርሜል ገለበጥሁት። በወንፊት አጠለልሁ፣ አደረቅሁ፣ በማጉያ መነጽር ሥር አንድ በአንድ ጥቁር ጥቁሩን ስባሪ በመርፌ ለቀምሁ። በአምስተኛው ቀን አንድ የልብስ ሰፊ የጣት ቆብ ሞላልኝ። ዓይኔ አብጦ ነበር፤ ግን አገኘሁት ብዬ ኮርቼ ጠበቅኋቸው።

ሁሉንም ነገርኋቸው። መደበቅ አልቻልሁበትም እንጂ አልሞከርሁም አልልም፤ ሰብለ ባታየኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እሳቸው አልተቆጡም። የጣት ቆቧን ተቀብለው ብርሃን ላይ አዩዋት።

«ይህ የየትኛው ድንጋይ መስታወት ነው?»

«የስድስቱ ነው።»

«ባለፈው ሳምንት መፍጫው ላይ ምን ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ባለፈው ሳምንት የፈጨሁት ከአፋር ሜዳ የመጣ አዲስ ላቫ ነበር። እሱም ላዩ ላይ ጥቁር መስታወት አለው፤ በዓይን አይለይም። አፋር ማለት ደግሞ ምንጩ ራሱ ነው። ከአፋሩ አንዲት ስባሪ ከባሕሩ ጋር ከተቀላቀለች ያልተሻገረውን ምንጭ ተሻግሯል ታሰኛለች።

«በርሜሉን ከዚያ ወዲህ አጥበኸው ነበር?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ትምላለህ?»

የአገሬ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በቤተ ልሔም ደጅ ያደገ ሰው በሐሰት አይምልም፤ ልጁም የልጅ ልጁም ይያዝበታል። በርሜሉን አጥቤዋለሁ፤ ግን አንዲት ስባሪ ከጠርዙ አልቀረችም ብሎ የሚምል ምን ዓይነት ሰው ነው?

«እወራረዳለሁ እንጂ አልምልም» አልሁ።

የጣት ቆቧን ቆሻሻ መጣያው ላይ ገለበጧት። አምስት ቀኔ እዚያ ገባ። ከዚያም ደብተራቸውን አውጥተው በዚያች ቦታ ስም ትይዩ ያችን የለመዷትን ቃል ጻፉ፤ ከሥሯም አሰመሩ።

የጥናታቸው ጽሑፍ ሲወጣ መጨረሻው ላይ ሥዕል ነበረበት። ከአፋር ጀምሮ ወደ ምሥራቅ የምንጩ ጣዕም በየቦታው ምን ያህል እንደ በረታ በነጥብ ተቀምጧል። መቆረጫው ማዶ ነጥብ የለም። እዚያ ላይ መስመሩን በተቆራረጠ ጭረት ወደ ታች አውርደውታል፤ ግምታቸው ነው፣ ምንጩ ቆሟል ማለት ነው። ከግርጌው «ናሙናው በዝግጅት ወቅት ተበላሽቷል» ይላል። ስሜ የለበትም። ስሜ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የባሕር ድንጋይ አልሰጡኝም። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው የጉናን፣ የስማዳን፣ የአፋርን ብቻ ያመጡልኝ ጀመር። የባሕሩን ሰብለ ራሷ ትሠራው ነበር፤ እጇ ከእኔ እጅ ጋር ሲወዳደር እርፍ እንደ ያዘ ካህን ነው፤ ይኹን እንጂ እሷ ሠራችው። ይህ ለብዙ ዓመት ቆየ። እኔ በአገሩ አንደኛ ሆኜ ሳለሁ የባሕሩ ድንጋይ በሚቀመጥባት በአንዲት መደርደሪያ በኩል ስም አልነበረኝም። ጋሽ ዘለቀ ጡረታ ወጥተው መካነ ኢየሱስ ሲገቡ ተሰናብተውኛል፣ አቅፈው ስመውኛል፤ መደርደሪያውን ግን እንደ ዘጉብኝ ሄዱ።

የመጨረሻው የሥራ ዓመቴ ላይ ሰብለ የክፍሉ ኃላፊ ሆና ነበር። አንድ ጠዋት ትንሽ ሳጥን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሌላ መርከብ ከዚያው ከመቆረጫው ማዶ፣ ከቀድሞው ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ ድንጋይ አውጥቷል።

«ጋሽ መርሻ፣ መስታወቱን እርስዎ ይልቀሙልኝ። ብቻ እንደ ገብስ እንዳይፈትጉብኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ቂም አይለቅሽም?»

«ቂም ቢኖረኝ ሳጥኑን አመጣለሁ?»

መጀመሪያ የሠራሁት ድንጋዩን መንካት አይደለም። ክፍሉን ከጣራው ጀምሬ አጠብሁ። የድሮውን ወንፊት፣ መርፌ፣ ብሩሽ ሁሉ ከክፍሉ አስወጥቼ አዲስ አስገባሁ። መፍጫውን በላስቲክ ሸፍኜ አሰርሁት፤ ጎማ የሚባል ነገር በዚያ ድንጋይ አጠገብ አላለፈም። መስታወቱን በትንሽ መሮ እየነካሁ አንሥቼ በንጹሕ ወረቀት መካከል ቀስ ብዬ ሰባበርሁት። የጤፍ ፍሬ ሲያህል በማይክሮስኮፕ ሥር በወረንጦ መልቀም ጀመርሁ። ቢጫ ብስባሽ የነካው ይጣላል። ውስጡ ነጭ የማዕድን ነጥብ ያለው ይጣላል። ጥርት ያለ፣ እንደ ጠጅ ብርሌ ብርሃን የሚያሳልፈው ብቻ ይቀራል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አዲሱ ትውልድ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ የእኔን ያህል ግን አያጠራውም። ስሰጣት «አሁን እምላለሁ» አልኋት። ምን ማለቴ እንደ ሆነ ገባት።

ውጤቱ የመጣው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ሰብለ ሥዕሉን አትማ በሰው እጅ ንፋስ መውጫ ላከችልኝ፤ በስልክም ደወለች።

«አዲሱ ነጥብ ከጋሽ ዘለቀ ጭረት በጣም በላይ ነው። ምንጩ ተሻግሯል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለት ጊዜ አስለክቼዋለሁ። ለእሳቸው ግን እርስዎ ይንገሯቸው። ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል።»

ይሻላል ብላ ነው፤ ለእኔ ግን የሚሻል አልነበረም። ሰውየው ሙሉ ዕድሜያቸውን ያቆሙበት ግምት ፈርሷል፤ ያፈረሰው ደግሞ ያን በርሜል የገለበጠው ሰው የለቀመው መስታወት ነው። «መርሻ እንደገና አፋሩን ቀላቅሎበታል» ቢሉ ምን እመልሳለሁ? ቢሉም አይፈረድባቸውም። ያን ካሉ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ያሳሳሁት ድንጋይ ሁሉ በዚያች አንድ ቃል ሥር ይቀበራል። በማግሥቱ በሚኒባስ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በአውቶቡስ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ።

ጋሽ ዘለቀ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አርጅተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

«ጋይንት ድንጋይ አለቀ እንዴ፣ እስቴ ልትፈልግ መጣህ?»

«እስቴ ድንጋይ አለ ብሎ የሚምል ሰው አላገኘሁም።»

ሳቁ። ምሳ ከበላን በኋላ ሥዕሉን አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት። አዲሷን ነጥብ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መለሱ። ስለ ግድብና ስለ ውኃ አንድ ቃል አልተነፈስሁም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም። ቤት ገብተው የድሮውን ጽሑፋቸውን ይዘው መጡና ጎን ለጎን አኖሩት። የተቆራረጠው ጭረት ወደ ታች ይወርዳል፤ አዲሷ ነጥብ ከላይ ብቻዋን ቆማለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በጣታቸው ለኩ።

«መስታወቱን ማን ለቀመው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ራስህ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?»

«ሌላ እጅ አልነካውም።»

የራሳቸውን ጽሑፍ ጉልበታቸው ላይ ሳቡት።

«እንግዲያውስ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ከኪሳቸው እርሳስ አወጡና በገዛ ጽሑፋቸው ላይ ያችን የተቆራረጠች ጭረት ሰረዟት፤ አዲሷንም ነጥብ በቦታዋ አኖሩ። አዲሱን መስመር ከአፋር ጀምረው ሊስቡ ሞከሩ፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠባቸው። እርሳሱን ወደ እኔ ዘረጉ።

«የአንተ እጅ ይረጋል። አንተ አስምረው።»

ተቀብዬ በነጥቦቹ ሁሉ በኩል፣ መቆረጫውን አሻግሬ፣ አንድም ጊዜ እርሳሱን ሳላነሣ ሳብሁት።